አዝማሪው በር ላይ የጠየቀኝ

ጥር 1961 ዓ.ም. ነው። ላስታ ውስጥ፣ ገነተ ማርያም፣ አያቴ ቤት፣ የታናሽ ወንድሜ ክርስትና ነበር። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስሆን እንግዳ ሲመጣ ዱላ እየተቀበልኩ በቅሎና አህያ እንዳስር በር ላይ ቆሜ እንድውል ታዝዤ ነበር። ወደ ማምሻው ላይ አንድ ቀጭን ሰው ማሲንቆውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ፣ ሚስቱን አስከትሎ መጣ። በቀጥታ አልገባም። አጠገቤ ቁጢጥ አለና፣ «አንተ ልጅ፣ እዚያ መደቡ ላይ ጋቢ የደረቡት ሽማግሌ ማን ይባላሉ?» አለኝ። አያቴ ነውና ስሙን ነገርኩት። «ልጅ ስንት አላቸው? ጣልያን ሲመጣ ዘምተዋል? ያቺ ጠላ የምታሳልፈው ቀይ ሴትስ ለቤቱ ምኑ ናት?» አንድ በአንድ መለስኩለት። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያትህን ሰሞኑን ያሳዘናቸው ነገር አለ?» ሲል ጠየቀኝ። አያቴ በየገበያው የሚሄድባት በቅሎ ባለፈው ክረምት ሞታበት ነበርና እሱን ነገርኩት። ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ገባ።

የአያቴ ቤት እንደ ብዙ የላስታ ቤት ክብ የድንጋይ ጎጆ ነው። ክዳኑ ሣር፣ ወለሉ በዚያን ቀን ቄጤማ የተጎዘጎዘበት፣ ብርሃኑ አንድ ፋኖስና የምድጃው እሳት። ሠላሳ የሚሆን ሰው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ተቀምጧል። አዝማሪው ከበሩ አጠገብ ሥፍራ ተሰጠው። ከኪሱ ትንሽ ዕጣን አውጥቶ የደጋኑን ጭራ ደጋግሞ አሸው፤ መቃኛውን ትንሽ ጠምዘዝ፣ ጆሮውን ወደ ቆዳው ጠጋ፣ እንደገና ጠምዘዝ አደረገ። ከዚያ ስለ ቤቱ በሙሉ እግዚአብሔርን አመስግኖ፣ እናቴን አወድሶ፣ ሕፃኑን መርቆ ወደ አያቴ ዞረ።

«በቅሎ ነበር አሉ በጌታው ደጅ አምና፤
ማን አጨደው ይሆን ፍሬ ሳይዝ ገና።»

ቤቱ ለአንድ አፍታ ዝም አለ። ሰሙ የሰብል ነገር ነው፤ አምና ደጁ ላይ የበቀለው ሳያፈራ ታጨደ ይላል። ወርቁ በቅሎዋ ናት፤ አጫጁም ሞት ነው። በቅሎ ደግሞ ዱሮም ፍሬ አትይዝም። ሽማግሌዎቹ ይህን የመጨረሻውን ጥግ ሲያገኙት ቤቱ በእልልታና በሳቅ ተናወጠ። ከክረምት ጀምሮ ብዙ የማይናገረው አያቴ ጋቢውን ወደ ኋላ ጣል አደረገና «ተቀበል!» አለ። የራሱን ሁለት ስንኝ ሰጠ፤ አዝማሪው ተቀበለ፤ ሚስቱ ደገመችው፤ ሌላው ሽማግሌ ጨመረ። እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። የአያቴን ስንኝ ማንም አልጻፈውም፤ ዛሬ በሕይወት ካለነው መሃል የሚያስታውሰው የለም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

በ«በቅሎ» ኅብረ ቃል መጫወት የቆየ ነገር ነው፤ አዝማሪው አልፈጠረውም። የዚያን ዕለት አዲስ ያደረገው በቅሎዋ የዚያ ቤት በቅሎ መሆኗ ነው። የአዝማሪ ሥራ ማሲንቆ ሲነካ አይጀምርም፣ በር ላይ ሲጠይቅ ነው የሚጀምረው። ስለ አዝማሪ የተጻፉ ብዙ ነገሮችን አንብቤያለሁ፤ ዜማውንም፣ ቅኝቱንም፣ ሰምና ወርቁንም ይዘረዝራሉ። ይህችን የበር ላይ ጥያቄ ግን እንደ ዋና ነገር ያየ ጸሐፊ አልገጠመኝም። ለእኔ ዋናዋ እሷ ናት።

ከእኛ ቤት ጥቂት ርምጃ ወረድ ብሎ ከአንድ አለት የተፈለፈለችው ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። በ13ኛው መቶ ዓመት ከነገሡት ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ስም ጋር የተያያዘች ናት፤ የንጉሡም ሥዕል በውስጧ ይገኛል። ንጉሥ ሲሆኑ ስምን በደብር ግድግዳ ላይ አሥሎ ማለፍ ይቻላል። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ገብስ የሚያርስ የላስታ ሰው ግን ስሙን የሚያሥልበት ግድግዳ አልነበረውም። የነበረው አዝማሪ ነው። ለአንድ ሌሊትም ቢሆን የዘመተበት፣ ያረሰው፣ የወለደው፣ የሞተበት በጎረቤቱ ፊት በግጥም ይቆጠርለት ነበር።

«አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ «ዘመረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። መሠረቱ ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምር ጋር አንድ ሆኖ ሳለ መንደሩ ግን ሁለቱን በአንድ ዓይን አያይም። አዝማሪን ይጋብዙታል፣ ያበሉታል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፉለታል፤ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። «አዝማሪ» ተብሎ መጠራት በእኛ ልጅነት ስድብ ነበር። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ በዘር የተያዘውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋም አላቸው፤ ባለቤቱ ለጋስ ይሁን ንፉግ በፊቱ እየተነጋገሩ እሱ አይሰማቸውም። የወሎ ሰው በባቲና በአምባሰል ስም የተጠሩ ቅኝቶች አሉን ብሎ ይኮራል፤ አንቺ ሆዬንም የላስታ ነው የሚሉ አሉ። ቅኝቶቹን ይዘው በየቤቱ ያዞሩትን ሰዎች ግን በር አጠገብ ነበር የምናስቀምጣቸው። አያቴ ቤትም ያው ነበር፤ ልክ አልነበረም።

ያ የበር አጠገብ ሰው ግን የሚፈራ ሰው ነበር። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴና ካሣ ኃይሉ ሲሰለፉ፣ የጎሹ አዝማሪ በሠራዊቱ ፊት ካሣን በግጥም አዋርዶ ነበር። ጎሹ ወደቁ፤ አዝማሪው ተማረከ። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ያለውን አስደግመው በዱላ አስገደሉት። ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጣልያኑን እንደራሴ ግራዚያኒን ለመግደል ከተሞከረ በኋላ፣ የፋሺስቱ አስተዳደር ጠንቋይን፣ ትንቢት ተናጋሪንና እየዞረ የሚያዜም ዘፋኝን እየያዘ እንዲገድል ትእዛዝ ወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጋዜጣ ባልደረሰበት፣ ሬዲዮ በሌለበት አገር ከቤት ቤት ወሬ የሚያደርስ እሱ ነበር። በግጥም የሰማውን ደግሞ ሰው አይረሳውም።

አያቴ ስለ ጣልያን ዘመን ብዙ አያወራም ነበር። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ በዚያ ዘመን አዝማሪ ሲመጣ በሩን ዘግተው፣ ልጆችን ውጭ አቁመው ይሰሙት ነበር። ልጆቹ በር ላይ የሚቆሙት ለሌላ ሥራ ነበር፤ የሚመጣ እንዳለ እንዲያዩ።

እኔ ያየሁት ዘመን ግን ብዙም አልቆየም። በ1965 እና በ1966 ወሎን የመታው ረሃብ ሲመጣ መጀመሪያ ከመንገድ የጠፋው አዝማሪ ነው። ከሌላው ትርፍ የሚኖር ሰው ስለሆነ ጎታ ሲጎድል እሱም አብሮ ይጎድላል። ዳስ የሚጥል የለም፤ ጠላ የሚጠምቅ የለም። ያ የክርስትናችን አዝማሪም ከዚያ ወዲህ አልታየም። የት እንደደረሰ ስንጠይቅ አንዱ ወደ ደሴ ወረደ አለን፣ አንዱ ራያ ነው አለን። ከዚያ ደርግ መጣ። የድምፅ ስጦታ ያላቸው ወደ ኪነት ቡድን ተሰበሰቡ፤ ወሎም በላሊበላ ስም የተጠራ የታወቀ ኪነት ነበረው። መድረክ፣ የደንብ ልብስና ደመወዝ አገኙ፤ ለባለሙያው ክብር ስለሆነ ይህን አልነቅፍም። በመድረክ ላይ ግን ስለ አያቴ በቅሎ አይዘፈንም። በ1977 ሌላ ረሃብ፣ በዚያ ላይ ጦርነቱና ሰዓት እላፊው ተደራረቡ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ቤት ማምሸት ቀረ።

አዲስ አበባ ለትምህርት በሄድኩ ጊዜ ያልጠበቅኩትን ነገር ሰማሁ። ገና ሳይነጋ፣ ቁርና ጨለማ ሳለ፣ አንድ ባልና ሚስት ደጃችን ቆመው በሁለት ድምፅ እየተቀባበሉ የአከራዬን ስም እየጠሩ ያዜማሉ። የሟች ባሏን ስም፣ የልጇንም ስም አሳምረው ያውቃሉ። እሷ እንባዋን እየጠረገች ወጥታ ገንዘብና አንድ ቀሚስ ሰጠቻቸው፤ መርቀዋት ፀሐይ ሳትወጣ ሄዱ። «እነማን ናቸው?» ስላት «ላሊበሎች ናቸው» አለችኝ። በአገሬ በላሊበላ ስም የሚጠሩ ሰዎች! ጎጃም ሐሚና ይሏቸዋል። ካላዜምን ቁምጥና ይይዘናል ብለው ስለሚያምኑ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ቤታቸውን ትተው እንደሚዞሩ ይነገራል። ስሟን ከየት አወቁ ብዬ ጠየቅኩ። ማታውኑ ከሱቅ ጠይቀው ነው። ያኔ የአያቴ በር ትዝ አለኝ። ማሲንቆ የያዘውም፣ ባዶ እጁን የሚያዜመውም የሚጀምረው ከዚያችው ከመጠየቅ ነው።

ከ1983 ወዲህ ሰዓት እላፊው ሲነሣ አዝማሪ ቤቶች በካዛንቺስ እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ከእነሱ ስሙ ርቆ የተሰማው ፈንዲቃ ነው፤ ውዝዋዜ አዋቂው መላኩ በላይ የአዝማሪን ነገር ከዚያች ጠባብ ቤት ይዞ ዓለምን አዙሮታል። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ መልሶ ልማት ቤቱ ከቦታው ተነሣ። ላሊበላ ከተማም በ1970 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኖቿ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ በኋላ እንግዳ እየበዛ ሲሄድ ጠጅ ቤት የሚያዜሙ አዝማሪዎች አፈራች። ብርሌ ይዞ ለተቀመጠ ፈረንጅ በአስተርጓሚ ስሙን ጠይቀው ግጥማቸው ውስጥ ያስገቡታል። ሰው ሲስቅባቸው አያለሁ፤ እኔ ግን አከብራቸዋለሁ። ቢያንስ ስም ይጠይቃሉ። ከ2012 ወዲህ የኮሮና ወረርሽኝና የሰሜኑ ጦርነት ተከታትለው እንግዳውን ሲያስቀሩ ብዙዎቹ ማሲንቆውን ሰቅለው ቀን ሥራ ገቡ።

በውጭ የሚኖር የእህቴ ልጅ ስልክ ሲደውል እዚያ ስላየው ነገር ነገረኝ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚሠራ ዘፋኝ ሰው ቤት ይጋበዛል፤ ጎረቤትና ወዳጅ ሠላሳ አርባ ሆኖ ሳሎን ውስጥ ይሰበሰባል፤ ድምፅ ማጉያ የለም፤ ሲያልቅ ሰው በቅርጫት ገንዘብ ያስቀምጣል። እንደ አዲስ ነገር በደስታ ነው የሚያወራው። ሰዎቹ እንዲህ ወደ ቤት ውስጥ ዘፈን መመለሳቸው ደስ ይለኛል፤ የሙዚቃ ደራሲው ሹበርትም በቪየና ዜማዎቹን በወዳጆቹ ሳሎን ያሰማ ነበር። «ሰሚውስ ምን ያደርጋል?» አልኩት። «ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ያጨበጭባል» አለኝ። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። የእኛ ሰሚ «ተቀበል!» ይላል። ግጥም ይሰጣል፣ ይሸነፋል፣ ያሸንፋል፤ ገጣሚው ቤቱ በሙሉ ነው።

ባለፈው ዓመት ገነተ ማርያም ሠርግ ሄድኩ። ዳሱ ሰፊ፣ ሰዉ ብዙ፣ ድግሱ የተሟላ ነው። ከዳሱ አራት ማዕዘን ሞንታርቦ ቆሟል። ዘፈኑ በመላ አገሪቱ የሚሰማው ነው፤ ጥሩ ዘፈን ነው፣ ወጣቱም ጨፈረ። አጠገቤ የተቀመጡ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ጆሮዬ ላይ አፋቸውን አስጠግተው የሚናገሩትን አልሰማሁም፤ እኔም ያልኳቸውን አልሰሙም። የአያቴ የቅርብ ወዳጅ ልጅ ናቸው። ሲዘፍኑ የሰማኋቸው ልጅ ሳለሁ ነው፤ ዛሬም ስንኝ እንዳላቸው ከዓይናቸው አውቃለሁ። ሙሽራው ማን እንደሆኑ አያውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ጥር ቤታችሁ ክርስትና ወይም ሠርግ ያላችሁ የላስታ ልጆች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለአንድ ሰዓት ሞንታርቦውን አጥፉት። ከላሊበላ ከተማ አንድ አዝማሪ አስጠሩ፤ ከበር አጠገብ ሳይሆን ከሽማግሌዎቹ መሃል አስቀምጡት። ስልካችሁ ይቅረጽ፤ ስንኙ እንደ አያቴ ስንኝ አይጥፋ። እሱ ከመግባቱ በፊት ደግሞ የሽማግሌዎቹን ስምና ታሪክ የሚያውቅ አንድ ልጅ በር ላይ አቁሙለት።