ከአንደበት ወደ ወረቀት

«በሕግ አምላክ!» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። ዛሬ ዛሬ ግን ክርክሩን የሚያቆመው ወረቀት ነው!

እስቲ በመርሳና በወልድያ መካከል ወዳለችው ሲሪንቃ እንሂድ። በድሮ ጊዜ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ገጠር፣ ባለርስት ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ «በላ ልበልሃ» እያለ፣ ማር ወይም በቅሎ እየተወራረደ ይሟገት ነበር። አንደበተ ርቱዕ ይረታል። አንደበት ያጠረው ነገር አዋቂ ዘመዱን ጠበቃ ያቆማል።

ከዚያ 1952 ዓ.ም. መጣ። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ይመዝገብ አለ። በቁጥር 881 ደግሞ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ አለ። ስንት አንደበተ ርቱዕ በዚህ ተረታ መሰላችሁ!

በየካቲት 1967 ርስቱ ራሱ ቀረ፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአማራ ክልል ገበሬ የይዞታ ደብተር ይሰጠው ጀመር። ባልና ሚስት በጋራ ከያዙ የሁለቱም ስምና ፎቶ አለበት። ስትፋታም ሆነ ባሏ ሲሞት ደብተሩ ይናገርላታል።

የከተማው ነጋዴማ ምን ቸገረው? አዋጅ 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቅዷል። ማንበብ ለማትችል የገጠር እናት ግን ወረቀት ዲዳ ጠበቃ ነው።

ስለዚህ ለበዓል አገር ቤት ስንገባ ደብተሩን ከሳጥን አውጥተን እናንብብላት።