የዶሮ ጎጆና ጉዝጓዙ በቆቦና በራያ ቆላ

ጉዝጓዝ ዶሮ እንቁላል የምትጥልበትን ወይም የምትታቀፍበትን ጎጆ ከውስጥ ለማለስለስ የሚነጠፍ ደረቅ ነገር ነው። እንቁላሉ ከወለል ተጋጭቶ እንዳይሰነጠቅ ይከላከላል፤ እርጥበትና ኩስ ይመጥጣል፤ ዶሮዋ በታቀፈች ጊዜ ሙቀቱ ከሥሯ እንዳያመልጥ ይይዛል፤ ደረቷን እየገፋችና በእግሯ እየጫረች ጎድጎድ ያለ መቀመጫ እንድታበጅም ይመቻታል። በራያ ቆላ ይህ ጉዝጓዝ ከጥንት ጀምሮ የሚገኘው ከአውድማ ነው። ስለዚህ የዶሮ ጎጆ ታሪክ በዚህ አገር ከአዝመራው ታሪክ፣ በተለይም ጭዱ ለማን ይድረስ ከሚለው የቤተሰብ ውሳኔ ተለይቶ አይታይም።

ቆቦ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ አላማጣ፣ ማይጨውና መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይከልሏታል፤ በምዕራብ ወደ ግዳንና ወደ ላስታ የሚያወጣው ዳገት ይነሣል። ከዚያ ዳገት የሚወርዱት ሆርማትና ጎሊና የተባሉ ወንዞች ሜዳውን በደለል ያዳብሩታል፤ ገበሬውም ጎርፉን እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣበታል። አገሩ ሞቃት ነው፤ የበልጉና የክረምቱ ዝናብም አንዳንድ ዓመት ይበቃል፣ አንዳንድ ዓመት ይከዳል። የሜዳው ዋና ሰብሎች ማሽላና ጤፍ ናቸው። ማሽላው አገዳ፣ ጤፉ ጭድ ይሰጣል፤ የዶሮ ጎጆም ከሁለቱ የሚተርፈውን ይጠብቃል።

የዶሮ ዘር መነሻው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ወደ አፍሪካ ቀንድ መግባቷን ከሚያሳዩት ማስረጃዎች እጅግ ጥንታዊው የተገኘው በምሥራቅ ትግራይ፣ መዝበር በተባለ ከአክሱም ዘመን በፊት በነበረ የገበሬዎች መንደር ነው። በዚያ በቁፋሮ የወጡት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 800 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ዶሮ የገባችው እህል እየዘራና እየወቃ ወደሚኖር ሕዝብ ነበር። ፍርፋሪ የምትለቅምበት ግቢና ጎጆ የምታበጅበት ገለባ አስቀድሞ ስለነበረ፣ እሷን ለማኖር አዲስ ነገር መፍጠር አላስፈለገም።

በገጠሩ ልማድ ዶሮ በአብዛኛው የሴቷ ሀብት ናት። ከእንቁላልና ከዶሮ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ጨው፣ በርበሬና ጋዝ የሚገዛበት፣ ለልጅ ደብተር የሚሆን ነው። ዶሮዎች የሚያድሩትም ለብቻቸው በተሠራ ቤት ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ ማታ ቆጥ ላይ ይወጣሉ ወይም ከመደብ ሥር ይገባሉ። እንቁላል መጣያው ደግሞ ጨለም ያለ፣ ሰው የማይመላለስበት የጓዳ ጥግ ይሆናል። ዶሮ ልትጥል ስትል የተሸሸገ ቦታ የምትፈልገው ከዱር ቅድመ አያቶቿ በወረሰችው ጠባይ ነው፤ የተመቸ ጎጆ ካላገኘች ቁጥቋጦ ሥር ጥላ ትመጣለች፤ እንቁላሉንም ሸለመጥማጥ ወይም ውሻ ቀድሞ ይበላዋል። የጓዳው ጥግ የተመረጠው ለዚህ ነው።

የጎጆው ዕቃ አገልግሎቱን ከጨረሰ የቤት ዕቃ ይወሰዳል። አፉ የተሸረፈ ገንቦ ወይም የተሰነጠቀ ድስት፣ ያረጀ እንቅብ፣ ከጭቃና ከጭድ የተበጀ ትንሽ ጎታ መሰል ማስቀመጫ፣ ያም ካልተገኘ መሬት ላይ የተማሰ ጎድጓዳ ሁሉም ያገለግላሉ። በውስጡ የሚጎዘጎዘው ከሁሉ በላይ የጤፍ ጭድ ነው። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ በመሆኑ የዶሮዋን ቅርጽ ይዞ ይቀመጣል፤ እንቁላሉን አይወጋም፤ እርጥበት ይመጥጣል፤ በእጅ ተዝቆ ለመለወጥም ቀላል ነው። የማሽላ አገዳ ለብቻው ለዚህ አይሆንም። ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ቅርፊቱ ውሃ አይመጥጥም፤ ስንጣሪው እንቁላል ይሰብራል። ከማሽላ ለጉዝጓዝ የሚረባው በደንብ የደረቀው ቅጠሉ ነው፤ አገዳው ግን ለግድግዳ፣ ለአጥርና ለማገዶ ይውላል። እርጥብ ሣርና ቄጤማ ለቤት ወለል ቢያምሩም ለጎጆ አይስማሙም፤ ሲታፈኑ ይግላሉ፣ ይሻግታሉ፤ የሻጋታው ብናኝም የጫጩቶችን ሳንባ ያሳምማል። ጨርቅም ቢሆን እርጥበት ይዞ ይቀራል፤ ክሩም የዶሮዋን እግር ይተበትባል።

የአገሬው ዶሮ ጎጆ በመጀመሪያ የተበጀው ለመታቀፍ ነው። አንዲት የአበሻ ዶሮ በአንድ ዙር ከ12 እስከ 15 እንቁላል ያህል ትጥልና ትታቀፋለች፤ 21 ቀን ተቀምጣ ትፈለፍላለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን ታሳድጋለች። በዓመት የምትጥለው በጠቅላላው ከ30 እስከ 60 እንቁላል ገደማ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጊዜዋ ለመጣል፣ ለመታቀፍና ለማሳደግ ይከፈላል። ለታቀፈች ዶሮ ጉዝጓዙ የሙቀት ጉዳይ ነው። እንቁላሉ በሥሯ እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መሞቅ አለበት፤ ጉዝጓዙ ሳስቶ እንቁላሉ ባዶ መሬት ከነካ በታች በኩል ይቀዘቅዛል፤ ጎድጓዳው ጠፍጣፋ ከሆነም እንቁላሎቹ ወደ ዳር ይንከባለላሉ።

የቆላው ሙቀት ሌላ ችግር ያመጣል። ለመፈልፈል የታሰበ እንቁላል እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ባለ ቅዝቃዜ ከተቀመጠ ፅንሱ እድገቱን ገትቶ ይቆያል። ከዚያ በበለጠ ሙቀት ግን ሳይታቀፍ ማደግ ይጀምርና በመንገድ ይሞታል። በቆቦ ቀትር ላይ ቤት ውስጥ እንኳ ከዚህ በላይ ይሞቃል። በኢትዮጵያ ገጠር እንቁላልን በእህል መካከል ቀብሮ ማቆየት የተለመደ ነው፤ እህሉ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ቅዝቃዜ ያለዝባል። የሸክላ ዕቃም በደቃቅ ቀዳዳዎቹ እርጥበት ስለሚያስወጣ ከቆርቆሮና ከፕላስቲክ ይልቅ ይቀዘቅዛል። አሮጌ ገንቦና አንድ እፍኝ የጤፍ ጭድ አብረው ሲሄዱ ገንቦው ያቀዘቅዛል፤ ጭዱ ያለሰልሳል፤ ለቆላ የሚስማማ ጥምረት ነው።

ጎጆ የተባይም ቤት ነው። ቀይ የዶሮ ቅማል ቀን በስንጥቅና በገለባ ቀዳዳ ተሸሽጎ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥጣል፤ ቁንጫም በዶሮ ፊትና ኩክኒ ላይ ይለጠፋል። የታቀፈች ዶሮ ለሦስት ሳምንት ከቦታዋ ስለማትነቃነቅ ከሁሉ የባሰ ትጠቃለች፤ ሲብስባት እንቁላሉን ጥላ ትነሣለች። ይህ ችግር የራያ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስለ ግብርና የጻፈው ሮማዊው ኮሉሜላ የዶሮ ጎጆ ገለባ በየጊዜው እንዲለወጥ የመከረው ቁንጫና መሰል ተባይ እንዳይራባ ብሎ ነው። በዘመኑ ብዙ ሰው እንቁላሉን ከመብረቅ ይጠብቃል ብሎ ከገለባው ሥር የሎረል ቅርንጫፍ፣ ነጭ ሽንኩርትና የብረት ምስማር ያኖር እንደነበርም ጽፏል። በኢትዮጵያ ገጠር ለተባይ የሚቀርበው ነገር አመድ ነው። ዶሮዎች በአመድ ይንከባለላሉ፤ ከጎጆው ሥር የሚነሰነሰው ደረቅ አመድም እርጥበቱን ይቀንሳል፣ ተባዩንም ያደርቃል። ከእያንዳንዱ ፍልፈላ በኋላ አሮጌውን ጭድ አውጥቶ ማቃጠል ግን ከማናቸውም መድኃኒት ይቀድማል።

የጭዱ ድርሻ በቤቱ ውስጥ ሦስት ባለ ጉዳይ አለው። አንደኛው በሬው ነው፤ በበጋ የሚያርሰው በሬ ጉልበቱን የሚያገኘው ከጤፍ ጭድና ከማሽላ አገዳ ነው። ሁለተኛው ግድግዳው ነው፤ ጭቃ ያለ ጭድ ይሰነጠቃል። ዶሮዋ ሦስተኛ ናት፤ የምትፈልገውም እፍኝ ነው። ዘመኑ ሲደላ ይህ እፍኝ አይቆጠርም። ዝናቡ ሲቀር ግን ከእህሉ ጋር ጭዱና አገዳውም ይጠፋሉ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ ራያንና ቆቦን ክፉኛ መታ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከአላማጣ በላይ ያለችው ኮረም የመከራው ምልክት ሆና በዓለም ታየች። እንዲህ ባለ ጊዜ ከብት ያልቃል፣ ይሸጣል። ችግሩ ሲያልፍ ቤተሰብ በትንሽ ገንዘብ መልሶ ሊይዛቸው ከሚችላቸው እንስሳት የመጀመሪያዋ ዶሮ ናት፤ የሰው ፍርፋሪ፣ ጥቂት ጥሬና አንድ ጎጆ ይበቋታል።

የአዝመራው መለወጥም ጎጆውን ይነካል። የራያ ገበሬ ለዘመናት የሚዘራው በበልግ ተዘርቶ እስከ ኅዳር የሚቆየውን ረጅም ማሽላ ነበር፤ ደጋሌትና ጅጉርቲ ከታወቁት ዝርያዎች መካከል ናቸው። የበልጉ ዝናብ መዋዠቅና አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ይህን ማሽላ ጎዱት። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል፤ ከነዚህ ዝርያዎች ጎብዬና አብሽር በኢትዮጵያ ተለቀዋል። አጫጭርና ቶሎ ደራሽ ማሽላ እህል ያስገኛል፤ አገዳው ግን ከረጅሙ ያነሰ ነው። አገዳ ሲያንስ ለከብት የሚሆነው ጭድ ይፈለጋል፤ ጭድ ሲፈለግ የዶሮዋ እፍኝ ይከብዳል። በዚህ ምክንያት ምትክ ጉዝጓዝ መፈለግ በቆላው የዘመኑ ጥያቄ ሆኗል።

ምትኩ ከከተማ ይመጣል። ከደሴ በወልድያና በቆቦ በኩል ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ጣውላ፣ ቆርቆሮ፣ ካርቶንና ማዳበሪያ ወደ መንደሩ ያስገባል፤ በከተማው የእንጨት ሥራ ቤቶችም ሰጋቱራና ፍቅፋቂ አለ። ፍቅፋቂው ደህና ጉዝጓዝ ነው፤ እርጥበት ይመጥጣል፣ በቀላሉም አይሻግትም። ደቃቁ ሰጋቱራ ግን አቧራው ለመተንፈሻ አይመችም፤ ጫጩቶችም ምግብ መስሏቸው ይለቅሙታል። መድኃኒት ከተቀባ ወይም ቀለም ካለበት እንጨት የወጣ ከሆነ ጨርሶ አይጎዘጎዝም። ካርቶን ለጊዜው ይረዳል፤ ከረጠበ በኋላ ግን የቅማል መሸሸጊያ ስለሚሆን መቃጠል ይኖርበታል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዶሮዋ ዘር ጋር ነው። የውጭ ዝርያዎች በ1940ዎቹ በዓለማያና በጅማ የግብርና ትምህርት ቤቶች በኩል ወደ ኢትዮጵያ መግባት ጀመሩ፤ ሮድ አይላንድ ሬድና ኋይት ሌግሆርን በሰፊው የታወቁት በዚያ መንገድ ነው። በወሎ የኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከል የተሻሻሉ ዶሮዎችን ለገበሬ ሲያሰራጭ ቆይቷል። ያም ሆኖ ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2009 ዓ.ም. ባካሄደው ጥናት በአገሪቱ ከነበሩት 60 ሚሊዮን ገደማ ዶሮዎች ከ90 በመቶ በላይ የአገር ውስጥ ዝርያ ነበሩ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ደግሞ እንቁላልና የዶሮ ሥጋን ከዋና ግቦቹ ውስጥ በማስገባቱ እንደ ሳሶና ቦቫንስ ብራውን ያሉ ዶሮዎች ወደ ብዙ ግቢ ገብተዋል።

እነዚህ ዶሮዎች፣ በተለይም ለእንቁላል የተመረጡት፣ እምብዛም አይታቀፉም፤ ቀን በቀን ይጥላሉ። የጎጆው ዓላማ በዚሁ ተለወጠ። ጎጆው ሙቀት መያዣ መሆኑ ቀርቶ ንጹሕ እንቁላል መሰብሰቢያ ሆነ። የእንቁላል ቅርፊት በሺህ የሚቆጠሩ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ በኩስ የራሰ ጉዝጓዝ ላይ የዋለ እንቁላል በእነዚያ ቀዳዳዎች ተዋሲያን ያስገባል፣ ቶሎም ይበላሻል። ስለዚህ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ፣ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሣጥን ይበቃል። ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከቆጡ ግን ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ዶሮ ለማደር ከፍ ያለውን ቦታ ስለምትመርጥ ሣጥኑ ከቆጡ ከፍ ካለ ሌሊት ተኝታበት ታቆሽሸዋለች። ፊቱ ላይ ጭዱን የሚገታ ደፍ ይደረግለታል፤ ጉዝጓዙም ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል።

ለራያ ቆላ ግቢ የሚበጀው ምርጫ ከዚህ ታሪክ ይወጣል። ለምትታቀፍ የአበሻ ዶሮ ጥላ ባለው ጥግ የተቀመጠ ሸክላና ደረቅ የጤፍ ጭድ ዛሬም የሚበልጠው የለም። ለምትጥል ዶሮ ደግሞ የጣውላ ሣጥንና የጤፍ ጭድ፣ ጭዱ ካነሰ ንጹሕ ፍቅፋቂ ወይም የደረቀ የማሽላ ቅጠል ይስማማል። በሁሉም ዘንድ ደንቡ አንድ ነው፦ የረጠበው በዚያው ቀን ይነሣ፣ የቀረው በየሳምንቱ ይታይ፣ ከፍልፈላ በኋላ ያለው ይቃጠል። ጤፍ የሚወቃ ቤተሰብም ጭዱን ለበሬና ለግድግዳ ሲከፍል አንድ ጆንያ ደረቅ ቦታ አስቀምጦ ለዶሮዋ ቢለይ፣ ዓመቱን ሙሉ ንጹሕ እንቁላልና ጤነኛ ጫጩት ያገኝበታል።