የፀጉርና የቆዳ ምስል በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ፦ ማዕዘንና ውፍረት ለምን ይመዝገቡ?

አጠቃሎ
ፖላራይዝድ ብርሃን የፀጉርንና የቆዳን ውስጣዊ አደራደር ገልጦ ያሳያል። ይህ መጣጥፍ እንዲህ ያለ ምስል አስተማማኝ ማስረጃ የሚሆነው ናሙናው የተቀመጠበት ማዕዘንና ውፍረቱ አብረው ሲመዘገቡ መሆኑን በሦስት ምሳሌዎች ያስረዳል።

የአሠራሩ መሠረት
ከናሙናው በታች ያለው ፖላራይዘር በአንድ አቅጣጫ የሚነዝረውን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። ከላይ ያለው አናላይዘር በ90 ዲግሪ ተሻግሮት ስለሚቀመጥ ይህንኑ ብርሃን ያግደዋል፤ እይታውም ይጨልማል። በመካከላቸው ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የተደረደሩ ናሙና ሲገባ ግን ብርሃኑ በተለያየ ፍጥነት ወደሚጓዙ ሁለት ጨረሮች ይከፈላል። ይህ ድርብ ስብረት ከፊሉ ብርሃን አናላይዘሩን እንዲያልፍ ያደርጋል። የናሙናው ዘንግ ከማጣሪያዎቹ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ሲርቅ ብርሃኑ በእጅጉ ይደምቃል፤ ከአንደኛው ጋር ሲገጥም ይጠፋል።

ፀጉር
በፀጉር ኮርቴክስ ውስጥ ያሉት የኬራቲን ክሮች በፀጉሩ ርዝመት ስለተዘረጉ ጤናማ ፀጉር ወጥ ሆኖ ያበራል። በዘር በሚተላለፈውና እ.ኤ.አ. በ1980 ቬራ ፕራይስና ባልደረቦቿ ትራይኮታዮዲስትሮፊ ብለው በሰየሙት ሕመም ግን ፀጉሩ ድኝ ያለበት ሲስቲን ስለሚያንሰው በቀላሉ ይሰበራል። በማይክሮስኮፕም ብሩህና ጨለማ ቀለበቶች ይፈራረቁበታል፤ ምልክቱ የታይገር ጭራ ይባላል። ቀለበቶቹ ጎልተው የሚታዩት ፀጉሩ ከፖላራይዘሩ አቅጣጫ ጋር ለመግጠም ሲቃረብ ነው። ናሙናው በጥቂት ዲግሪ ወደ ሌላው ወገን ሲዞር ብሩሁ ይጨልማል፣ ጨለማውም ይበራል። ይህ መለዋወጥ በፀጉሩ ውስጥ ያሉት ክሮች ወዲያና ወዲህ መወላገዳቸውን ያመለክታል። ፀጉሩን በ45 ዲግሪ ብቻ ያየ መርማሪ ምልክቱን ሊስተው ይችላል። ስለዚህ የሲስቲን መጠን ለብቻው መለካት አለበት፤ ምስሉ የመለኪያውን ቦታ አይተካም።

ቆዳ
እ.ኤ.አ. በ1979 ጁንኬራ፣ ቢኞላስና ብሬንታኒ ሲሪየስ ሬድ የተባለው ቀለም በፒክሪክ አሲድ ሲዘጋጅ የኮላጅንን ድርብ ስብረት እንደሚያጎላ አሳዩ። ረጃጅሞቹ የቀለም ሞለኪውሎች ከኮላጅኑ ክሮች ጋር ትይዩ ሆነው ይጣበቃሉ። ወፍራሞቹ ክሮች ቀይ ወይም ብርቱካናማ፣ ቀጫጭኖቹ አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። ብዙዎች ቀዩን ዓይነት 1፣ አረንጓዴውን ዓይነት 3 ኮላጅን አድርገው ይተረጉማሉ። ይህ አተረጓጎም ሊታረም ይገባል፤ ቀለሙን የሚወስኑት የክሮቹ ውፍረት፣ የመጠጋጋት ደረጃቸውና አቅጣጫቸው ናቸው። የኮላጅንን ዓይነት መለየት የሚፈልግ ተመራማሪ ፀረ እንግዳ አካል የሚጠቀም ምርመራ ያስፈልገዋል።

በሕብረ ሕዋስ ውስጥ የሚከማቸውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ለመለየት በሚደረግ ምርመራም ውፍረት ወሳኝ ነው። በኮንጎ ሬድ የቀለመው ክምችት አረንጓዴ ብርሃኑን በግልጽ እንዲሰጥ ከተለመደው ስስ ቁራጭ ይልቅ ከ8 እስከ 10 ማይክሮሜትር የሚደርስ ይመከራል። ቁራጩ ሲሳሳ በእርግጥ ያለ አሚሎይድ የሌለ ሊመስል ይችላል።

መደምደሚያ
ዘዴው ውድ አይደለም፤ በተራ ማይክሮስኮፕ ላይ ሁለት ማጣሪያዎችን መግጠምና ናሙናውን ማዞር ብዙ ያሳያል። ጥንቃቄው ያለው አመዘጋገቡ ላይ ነው። እያንዳንዱ ናሙና ቢያንስ በሁለት ማዕዘኖች ይነሣ፤ የቁራጩ ውፍረትና የካሜራው የብርሃን መጠንም አብሮ ይጻፍ። የምርምር መጽሔቶች ይህን መረጃ ለኅትመት ቅድመ ሁኔታ ቢያደርጉት፣ በአንድ ቤተ ሙከራ የታየውን ሌላው ደግሞ ሊፈትነው ይችላል።