መልእክት የት ያድራል?

በታኅሣሥ ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለመሐዲስቶቹ የጦር አዛዥ ለሐምዳን አቡ አንጃ አንድ ደብዳቤ ላኩ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ይኸው አቡ አንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሣር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን ዘርፎና አቃጥሎ ሄዷል። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ደብዳቤ የጠየቁት እርቅ ነበር፤ እኛ እርስ በርስ ብንተላለቅ የሚጠቀሙት አውሮፓውያን ናቸው የሚል ሐሳብ ያዘለ ደብዳቤ። ከወዲያ የመጣው መልስ ግን ስድብ ሆነ። አቡ አንጃ ብዙም ሳይቆይ ታሞ ሞተ፤ በእግሩ ዘኪ ቱማል ተተካ። መጋቢት 1 ቀን መተማ ላይ ጦርነቱ ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ቆስለው በማግሥቱ አረፉ። የድንበሯ ከተማ ዛሬ መተማ ዮሐንስ የምትባለው በእርሳቸው ስም ነው።

ይህን ታሪክ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተነዋል። እኔን ዘወትር የሚያስገርመኝ ግን ከጦርነቱ ይልቅ ደብዳቤው ነው። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ፖስታ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ ፖስታን ያቋቋሙት ከመተማ ጦርነት አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። ደብዳቤ የሚጓዘው በሰው እግር ነበር። መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ ይጓዛል፤ ወንዝ ሲሞላ ያድራል፤ ሽፍታ ሲያሰጋው ያድራል፤ በነጋታው ደግሞ ይነሣል። ደብዳቤው የእውነት ከንጉሡ የመጣ ለመሆኑ ምስክሩ ማኅተሙ ነው። አንባቢ ይህን ማደርና ይህን ማኅተም ያስታውስልኝ፤ ወዲያው ወደ ኮምፒዩተር ልንገባ ነውና።

ዛሬ አንድ ነጋዴ የመተማን ሰሊጥ ለቻይና ወይም ለእስራኤል ገዢ ሊሸጥ ዋጋውን በኢ-ሜይል ሲጽፍ፣ ደብዳቤው በቀጥታ ገዢው ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። መጀመሪያ የሚያርፈው ሰርቨር በሚሉት፣ ሌት ተቀን በማይጠፋ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ያ ኮምፒዩተር የአድራሻውን ጅራት አይቶ፣ በዚያ ስም የሚመጣ ደብዳቤ ተቀባዩ የትኛው ማሽን እንደሆነ ከስም መዝገብ ይጠይቃል። ከዚያ ሄዶ በሩን ያንኳኳል። ካልተከፈተለት ደብዳቤውን ያሳድረውና ቆየት ብሎ እንደገና ያንኳኳል። እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ፖስተል የተባለው አሜሪካዊ ከጻፈው ደንብ የወረስነው ሥርዓት ይህ ነው።

ወደ አገራችን ኢ-ሜይል የገባው ግን በሌላ በር ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ፣ ፓዲስ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የመረጃ ክፍል አንድ ተራ ኮምፒዩተር፣ አንድ ሞደምና አንድ የስልክ መስመር ይዞ ሥራ ጀመረ። ከሥራው መሪዎች አንዱ ሊሻን አዳም ነበር። የተጠቀሙበት ዘዴ ፊዶኔት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ የፈጠረው፣ በትርፍ ጊዜያቸው በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ሰዎች መረብ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከተማ ውስጥ ያለው ተጠቃሚ ደብዳቤውን በቢሮው ጽፎ ያስቀምጣል፤ በአገር ውስጥ የስልክ ሒሳብ ወደ ፓዲስ ይደውላል፤ ሞደሙ እየጮኸ የጻፈውን ያስረክባል፣ የመጣለትን ይረከባል፣ መስመሩን ይዘጋል። የፓዲሱ ማሽን ደግሞ ከየቢሮው የተሰበሰበውን አጭቆ አንድ ጥቅል ያደርገዋል። የውጭ አገር ስልክ ውድ ነውና ለእያንዳንዱ ደብዳቤ አይደወልም፤ ጥቅሉ በአንድ ጥሪ ለንደን ላለው ግሪንኔት ለተባለ ድርጅት ይላካል፤ ከዚያ ወደ ዓለም ይበተናል። መስመሩ መሐል ላይ ከተቆረጠ ፕሮግራሙ ከቆመበት ይቀጥላል። የእርዳታ ድርጅቶች፣ ተመራማሪዎችና ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በዚህ ተጻጻፉ። ሐኪሞቹም ሄልዝኔት የተባለ የራሳቸው መረብ ነበራቸው።

ያ ሁሉ ዛሬ ሲታይ የድኻ ብልሃት ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ትልቅ ጥበብ አይበታለሁ። ሥርዓቱ የተነሣው መስመር ይቆረጣል ከሚል እምነት ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ስልክ ቢበላሽ፣ ደብዳቤው እንደ ጥንቱ መልእክተኛ አድሮ ይነሣል እንጂ አይጠፋም። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለው ነበር። የፓዲስ ተጠቃሚዎች አድራሻ ጅራት የለንደኑ ድርጅት ስም ነበር። የአዲስ አበባ ሰው በለንደን ስም ይጠራ ነበር ማለት ነው።

«ኢቲ» የሚለው የአገራችን ጅራት በ1988 ዓ.ም. ተመዘገበ። ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ይምጣ ብለው የተሰባሰቡ ባለሙያዎችም በዚያው ሰሞን ብዙ ወተወቱ። በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን ከፈተ፤ በቴሌኮም ኔት ኢቲ፣ ኋላም በኢትዮኔት የሚያልቁ አድራሻዎች በየነጋዴው ካርድ ላይ ታተሙ። ከዚያ ያሁና ጂሜይል በነጻ መጡና ካርዱ እንደገና ተለወጠ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ሳይቀር የራሱ ስም የሌለው የጂሜይል አድራሻ ሲሰጥ ይታያል። ጅራታችን ደግሞ ባሕር ማዶ ሆነ!

«እንግዲያው የራሴን ሰርቨር ቢሮዬ ውስጥ ልትከል» የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ግን ነገሩ ዕቃ ገዝቶ መሰካት ብቻ አይደለም። የማይለዋወጥ የኢንተርኔት ቁጥር ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ሲጠየቅ የድርጅቱን ስም እንዲናገር መስመር ሰጪውን ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ጎረቤት ቁጥር ላይ ያለ በቫይረስ የተያዘ ኮምፒዩተር የማጭበርበሪያ ደብዳቤ ሲረጭ ቢከርም፣ የዓለም ሰርቨሮች ሰፈሩን በሙሉ ጥቁር መዝገብ ሊያስገቡት ይችላሉ። ከሁሉ የሚከፋው የማኅተም ጉዳይ ነው። አጭበርባሪ የሻጭንና የገዢን ደብዳቤ ሰርቆ ሲያነብ ይቆይና፣ ክፍያው ሲደርስ «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል» ብሎ በሻጩ ስም ይጽፋል። የዛሬው ሰርቨር ይህን ሐሰተኛ ስም ለመከላከል እያንዳንዱን ደብዳቤ በምስጢር ቁልፍ ያትማል፤ ተቀባዩም በስም መዝገቡ ላይ በተለጠፈው ሌላ ቁልፍ ያመሳክረዋል። ማኅተሙን ያላዘጋጀ አስተዳዳሪ ደብዳቤውን ያለማኅተም ወደ መተማ እንደ መላክ ይቆጠር።

ማደሩስ? ደንቡ ላኪው ሰርቨር ቢያንስ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ደጋግሞ እንዲያንኳኳ ይመክራል። ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ደብዳቤውን ለላኪው ይመልሳል። ደንቡን የጻፉት ሰዎች መስመር ከአምስት ቀን በላይ ይጠፋል ብለው የሰጉ አይመስልም። እኛ ግን በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይተናል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ዘልቋል። በሞባይል ብቻ ደብዳቤውን የሚያነብ የምዕራብ ጎንደር ነጋዴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓይኑ ታሰረ። የደብዳቤው ማደሪያ ከቆላው ውጭ ከሆነ ግን ደብዳቤው ቢያንስ ይጠብቀዋል። ሰርቨሩን እዚያው ገንዳ ውሃ ላይ፣ በዚያው በተቋረጠው መስመር ተክሎ ቢሆን ኖሮ፣ ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ገዢው «አድራሻው አይደርስም» የሚል መልስ ይቀበል ነበር።

ስለዚህ ስምንና ቤትን መለየት ይበጃል ባይ ነኝ። ደብዳቤው አዲስ አበባም፣ ለንደንም ተከራይቶ ቢያድር ግድ የለም፤ እንዲያውም ሁለት ማደሪያ ቢኖረው ይሻላል። ስሙ ግን የባለቤቱ ይሁን፤ ያን ጊዜ አከራዩ ቢለወጥ አድራሻው አይለወጥም።

ስሙም ቢሆን ጠባቂ ይፈልጋል። ቀደም ሲል የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የስሙን ዓመታዊ ክፍያ አንድ ሠራተኛ በራሱ አድራሻ አስመዝግቦ ይከፍል ነበር። ሠራተኛው ለቀቀ፤ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ለእርሱ ይደርሳል፣ ለእኛ አይደርስም። አንድ ሰኞ ጠዋት የሁላችንም ደብዳቤ ቆመ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ዘጠኝ ቀን ሄደ፤ አንድ የውጭ ደንበኛ ስልክ ደውሎ «ተዘጋችሁ እንዴ?» አለን። ከዚያ በኋላ ሒሳብ ሹማችን የክፍያውን ቀን በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከበበው፤ ከቤት ኪራዩ ቀን ጎን።