ቤቱን ማን ይጠግነዋል?
የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት ታሪክ እና የእናቶቻችን እጅ



ክረምት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። በዚህ ሰሞን በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በየዓመቱ የሚነሣው ጉዳይ ዘንድሮም ተነሥቷል። የማን ጣራ ያፈሳል? የማን ግድግዳ አዘመመ? ማንስ ይጠግነዋል? ይህ ጥያቄ ከከተማችን ዕድሜ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕትም ከምክሩ በፊት ታሪኩን ለማስቀደም ወደድን። ቤቶቻችን እንዴት እንደተሠሩና ለምን እንዳረጁ ስናውቅ አያያዛቸውም ይገባናል።

ከሣር ጎጆ ወደ ቆርቆሮ ቤት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የመኳንንቱና የሠራዊቱ ሰፈሮች ስብስብ ነበረች። ሰው የሚያድረው በድንኳንና በሣር ክዳን ጎጆ ነበር። ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚቆረጠው እንጨት በዙሪያዋ የነበረውን ጥድና ወይራ ቶሎ ጨረሰው። ችግሩ ጠንቶ ዐፄ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ካጸኗት ነገሮች አንዱ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል።

ባሕር ዛፍ የቤቱንም ቅርጽ ለወጠው። ረጅምና ቀጥ ያለ እንጨት እንደልብ ሲገኝ ከክቡ ጎጆ ይልቅ አራት ማዕዘን ቤት መሥራት ቀለለ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከባድ ዕቃ ማስመጣት ተቻለ፤ ቆርቆሮም ቀስ በቀስ የሣሩን ቦታ ያዘ። ዛሬም ብዙዎቻችን የምንኖርበት ቤት እንዲህ ተወለደ። ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው የጭቃ ምርጊት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቢተከልም የድሃው ቤት ግን ከጭቃ አልወጣም።

ቤት ሠሪውና ቤት አኗሪዋ

ቤት ሲሠራ ቋሚ መትከል፣ ማገር መምታትና ክዳን ማልበስ የወንዶች ሥራ ነበር። ውኃ መቅዳት፣ ጭድ ማቅረብ፣ ጭቃ መሸከምና መለቅለቅ ደግሞ በአብዛኛው የሴቶች። ሥራው ሲያልቅ «እገሌ ቤት ሠራ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ግን ያ ቤት በየዓመቱ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፣ ወለሉም ይቦረቦራል። ይህን እየደፈነች ቤቱን በእግሩ ያቆመችው እናት ናት። ለእሷ «ቤት አኖረች» የሚል ስም አልወጣላትም።

ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ዕውቀትም ይጠይቃል። አፈሩ ተመርጦ ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካና ለቀናት ይተኛል። ጭዱ ሲበሰብስ ጭቃው እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ቸኩሎ የተመረገ ጭቃ ግን ቶሎ ይረግፋል። የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራም ነው፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ይህን ያላወቀ ሰው ሥራው የተበላሸ ይመስለዋል። እናቶቻችን ግን ስንጥቁ ለሁለተኛው ልስን መያዣ እንደሚሆን ስለሚያውቁ በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ ነበር። ሁለተኛው ልስን ቀጭን ነው፤ የሚለሰነውም ግድግዳው በውኃ ረጠብ ከተደረገ በኋላ ነው። ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። አቅም ያለው ግድግዳውን ኖራ ይቀባል። ክረምቱ ወጥቶ እንቁጣጣሽ ሲደርስ በየቤቱ የሚታየው ልቅለቃ ለበዓሉ ማማር ብቻ የሚደረግ አልነበረም። ዝናቡ ያጎደለውን የመመለሻ ጊዜም ነበር።

ከ1967 በኋላ

እስከ አብዮቱ ድረስ አብዛኛው የከተማው መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር፤ ብዙው ነዋሪም ተከራይ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ።

ስለዚህ አዋጅ ስንናገር ሁለቱንም ወገን መናገር ይገባናል። ለብዙ እናቶች ትልቅ እፎይታ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ጠላ ወይም እንጀራ ሸጣ የምታድር ሴት፣ «ነገ ልቀቂ» የሚላት አከራይ ሳይኖርባት ልጆቿን አሳደገች። ይህን ውለታ የሚክድ የለም። ቤቱ ግን ባለቤት አጣ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት በነበረበት ስለቆየ ከእሱ የሚገኘው ገንዘብ ለጥገና የሚበቃ አልነበረም። ቀበሌው «በጀት የለኝም» ይላል። ነዋሪዋ ደግሞ «ቤቱ የእኔ አይደለም፣ ገንዘቤን ባፈስበት ነገ ማን ያውቃል?» ትላለች። በራሷ ልጠግን ብትል እንኳ ፈቃድ መጠየቅ አለባት። በዚህ መካከል ዝናቡ ማንንም አይጠብቅም። የቋሚው እግር በሰበሰ፣ ቆርቆሮው ዛገ። እያሳሳቀ የወሰደ ውኃ እንደሚባለው፣ ጉዳቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ስለሆነ ግድግዳው እስኪያዘም ድረስ የደነገጠ አልነበረም።

በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከዕጣው 30 በመቶውን ለሴቶች ለይቶ ስለሰጠ ከእኛ መካከል የቤት ባለቤት የሆኑ አሉ። ደስ የሚል ነው። ነገር ግን አሮጌው ጥያቄ መልኩን ቀይሮ ተከትሎን መጥቷል። የራሳችንን ክፍል እናሳምራለን። የጋራው ጣራ ሲያፈስ፣ የደረጃው መብራት ሲጠፋ፣ የፍሳሹ ቱቦ ሲዘጋ ግን አንደኛ ፎቅ ያለችው «እኔን አይነካኝም» ትላለች፤ አራተኛ ፎቅ ያለችው ብቻዋን ባልዲ ትደቅናለች። የሁሉም የሆነ ነገር ያለጠጋኝ ሲቀር በቀበሌ ቤት አይተነዋል። በኮንዶሚኒየምም ልንደግመው አይገባም።

ከታሪኩ የምንወስደው

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከሰኔ በፊት እያንዳንዳችን ቤታችንን እንዙር።

ከታች እንጀምር። የጭቃ ቤት ዋና ጠላት ከእግሩ የሚገባ ውኃ ነው። በግድግዳው ዙሪያ አፈር ከተቆለለ ይነሣ፤ ውኃው ከቤቱ እንዲሸሽ ትንሽ ቦይ ይቀደድ። የቋሚውን እግር በሚስማር ወጋ አድርጎ ማየት ይጠቅማል። ያለችግር ጠልቆ ከገባ እንጨቱ በስብሷል፣ ግድግዳው ሳያዘም ደጋፊ ይፈልጋል። በግድግዳው ላይ የአፈር መስመር ከታየ ምስጥ ነው። መስመሩን ማፍረስ ብቻ አይበቃም፤ መነሻውን ፈልጎ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ግድግዳውን እንይ። የረገፈ ምርጊት በጭቃና በጭድ ይደፈን። ላላው ይርገፍ፣ ቦታው ረጠብ ይደረግ፣ ከዚያ ይመረግ። በጭቃው ላይ እንዲሁ ሲሚንቶ መለጠፍ ብዙ ቤቶችን ጎድቷል። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይያያዝም፤ ከኋላው እርጥበት ያምቃል፤ ሲወድቅም የጭቃውን ፊት ይዞ ይወድቃል። ለዓይን ያማረው ሁሉ ለቤቱ አይበጅም።

በመጨረሻ ጣራ። ቆርቆሮ የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ በሚስማሩ ቀዳዳ ነው። ሚስማር መመታት ያለበት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ከተመታ ማፍሰሱ አይቀርም። የላላ ሚስማር ከነጎማው ይቀየር። አሸንዳው ከቅጠልና ከአቧራ ይጽዳ። የዛገና የሳሳ ቆርቆሮ ላይ ግን ማንም አይውጣ። ይህ ለባለሙያ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ ከአንድ ቆርቆሮ የአንዲት እህት ወገብ ይበልጣል።

አቅመ ደካማ እህቶቻችንን በተመለከተ የድሮው ደቦ መንገዱን ያሳየናል። አንዲት ሴት ብቻዋን ሳምንት የሚፈጅባትን ምርጊት አሥር ሴቶች በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ስለዚህ በዚህ ወር ከሚሰበሰበው መዋጮ ላይ ለቆርቆሮ፣ ለሚስማርና ለጭድ የሚሆን እንዲለይ ሐሳብ እናቀርባለን። በቀበሌ ቤት የሚኖሩ አባሎች የጥገና ፈቃዱን ዝናቡ ሳይጀምር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ማመልከቻ መጻፍ ለሚቸግራቸው የኮሚቴው ጸሐፊ ታግዛለች። በኮንዶሚኒየም ያላችሁም ለጋራ ጣራው የሚሆን ትንሽ ወርኃዊ መዋጮ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ጀምሩ።

ቤቷ እንዲታይላት የምትፈልግ እህት እስከ ሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ ስሟን ታስመዝግብ። አካፋና ባልዲ ያላት ይዛ ትምጣ። ጭቃው ለቀናት መተኛት ስላለበት ዛሬ ነገ ሳንል ማቡካት አለብን።