የበሬ ሐኪም የማን ልጅ ነው?

እስቲ ዛሬ ስለ አንድ ፈረስ ግልቢያ አስተማሪ ላጫውታችሁ። ክሎድ ቡርዥላ ይባላል፤ የፈረንሳይዋ የሊዮን ከተማ ሰው ነው። የመኳንንት ልጆችን ግልቢያ እያስተማረ ሲኖር፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1761 ከንጉሡ ምክር ቤት ፈቃድ አገኘ። የከብት በሽታ ሕክምና የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዲከፍት ተፈቀደለት፤ ለስድስት ዓመት የሚሆን 50,000 ሊቭርም ተቆረጠለት። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ የእንግዳ ማረፊያ በነበረ ቤት ውስጥ ማስተማር ጀመረ። በዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ይኸው ነው። ነገሩ የቅንጦት አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ደስታ በሽታ የአውሮፓን ከብት እየደጋገመ ይፈጅ ነበር።

እኔን የሚስበኝ ግን ትምህርቱ አይደለም፤ የተማሪው ቀለብ ነው። ከገጠር የመጣ የአንጥረኛ ልጅ ሊዮን ላይ ማን ያበላዋል? ብዙዎቹን የላኳቸው የየግዛታቸው አስተዳደሮች ነበሩ። ግዛቱ ልጁን መርጦ፣ ቀለቡንና ማደሪያውን ችሎ ይልከዋል፤ ልጁም ሲጨርስ ተመልሶ የላከውን አገር ከብት እንዲያክም ይጠበቅበታል። ዴንማርክ ሳትቀር እ.ኤ.አ. በ1763 አቢልጎር የሚባል ወጣት ልካ ነበር፤ እሱም አገሩ ተመልሶ በ1773 ኮፐንሃገን ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ጦር ሠራዊቱ ደግሞ የራሱን ተማሪዎች ያስተምር ነበር። እነዚያ ሲመረቁ የሄዱት የድሃ ላም ወዳለችበት ሳይሆን የፈረሰኛው ጦር ፈረስ ወዳለበት ነው። የከፈለ ወሰደ ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ታሪኩ የሚጀምረው ሐኪም ካለመኖሩ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን የተነሣው ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር በመጣ ደስታ በሽታ ነው ይባላል። ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደጨረሰ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ሲጠፋ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ ምሳሌ ሆኑ። የእንስሳት ሐኪም በዶክተርነት የሚያስመርቅ ፋኩልቲ ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ላይ እስኪከፈት ግን እስከ 1972 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረብን። ቁጠሩት እስቲ፤ ወደ ዘጠና ዓመት!

በዚያን ጊዜ ሁሉን የሚችለው መንግሥት ነበር። ተማሪው ይበላል፣ ይተኛል፣ ይማራል፤ ሲጨርስ ይመደባል። ምደባውን የጠላም ቢሆን ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ደንብ መጣ። ተማሪው የቀለቡንና የማደሪያውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ 15 በመቶውን፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲመልስ ውል ፈረመ። መምህር ለሚሆኑት ዕዳውን በአገልግሎት የሚከፍሉበት በር ተከፈተላቸው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ብጠይቅስ፤ ዕዳው የሚከተለው ደመወዝን እንጂ ቦታን አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የውሻ ክትባት የሚወጋውም፣ ዋግ ኽምራ ላይ ፍየል የሚያክመውም የሚቆረጥባቸው በአንድ ስሌት ነው። ታዲያ ወደ ዋግ ምን ይወስደዋል?

ደግሞ ዕዳው ያለው ወረቀት ላይ ነው። የመጨረሻው ዓመት ወጪ ግን ከኪስ ነው የሚወጣው። ቦት ጫማ አለ፣ ጋዋን አለ፣ ለመስክ ልምምድ መሳፈሪያ አለ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ መሰብሰቢያና ማሳተሚያ አለ። ክሊኒክና መስክ ሲመላለስ ስለሚውል ጎን ለጎን ሠርቼ ልደጉም ቢልም ጊዜ የለውም። አንድ የሰሜን ወሎ ልጅ እንዳጫወተኝ፣ አባቱ ለዚሁ ወጪ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጡለት። «የበሬ ሐኪም ለመሆን በሬ ጨረስን» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ልጁ ተመርቆ አንድ መድኃኒት አስመጪ ዘንድ ገባ። አልፈርድበትም። ወረዳው ሲማር አንዲት ሳንቲም አላወጣበትም፤ በምን አፉ ና ይለዋል? ለዚያች ለመጨረሻዋ ዓመት እንኳ የመሳፈሪያና የቦት ጫማ ዋጋ ሰጥቶ ቢያስፈርመው ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።

የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከብት የሞላባት የካንሳስ ግዛት፣ ተመራቂዎቿ የከተማ ውሻና ድመት ማከም ሲመርጡባት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ሕግ አወጣች። በዓመት እስከ አምስት ለሚደርሱ ተማሪዎች በየዓመቱ 20,000 ዶላር ታበድር ጀመር። ተመርቀው ሕዝቡ አነስተኛ በሆነ ካውንቲ አራት ዓመት ከሠሩ ብድሩ ይሰረዛል፤ ካልሠሩ ይከፍላሉ። የፌዴራል መንግሥቱም እንዲሁ ሐኪም ወዳጣበት ቦታ ለሚሄዱ የትምህርት ዕዳቸውን የሚከፍል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2003 አጽድቆ፣ ገንዘቡን መስጠት የጀመረው በ2010 ነው። ሰባት ዓመት! ቢሮክራሲ የእኛ ብቻ አይደለም።

ፈረንሳይም ዞራ ዞራ ወደ ድሮው መጣች። ከብት የሚያክም ሐኪም ከገጠሯ እየሳሳ ሲሄድባት፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለወራት ገጠር ሐኪም ዘንድ የሚለማመዱበትን መንገድ በአበል ደገፈች። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የወጣው ሕግ ደግሞ የአካባቢ አስተዳደሮች ራሳቸው ለተማሪው ገንዘብ እንዲሰጡ ፈቀደ፤ ተማሪው ሐኪም ባጣው አካባቢ ለዓመታት እንዲሠራ ቃል እስከገባ ድረስ። በቡርዥላ ዘመን ግዛቶቹ ያደርጉት የነበረው እኮ ነው!

እኛም ነገሩን አናውቀውም ልንል አንችልም። በ1987 ዓ.ም. ገደማ አፋር ውስጥ ደስታ በሽታን ለማጥፋት ሲዘመት፣ ሐኪሙ በማይደርስበት በረሃ ክትባቱን የሰጡት አጭር ሥልጠና የወሰዱ አርብቶ አደሮች ነበሩ። አገሪቱ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነፃ ተባለች፤ በ2003 ዓ.ም. ዓለም በሙሉ። እነዚያን ሰዎች ለሥልጠናው የመረጧቸው የገዛ አካባቢያቸው ሰዎች ናቸው። ሲጨርሱም የተመለሱት ወደዚያው፣ ወደ መረጣቸው ሰው ከብት ነው።