የተንጠለጠለው ጎመን፦ ብርሃንና ተምሳሌት በኮታን የምግብ ሥዕል

የደራሲን የሕይወት ታሪክ ለድርሰቱ መፍቻ ቁልፍ ማድረግ የሚያስከትለው ችግር ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ አዲስ አይደለም። ችግሩ በሥዕል ታሪክም አለ። የስፔይኑ ሰዓሊ ሁዋን ሳንቼዝ ኮታን እ.ኤ.አ. በ1602 ገደማ የሣለውና ዛሬ በሳን ዲዬጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው ሥዕል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

በሥዕሉ ውስጥ ሰው የለም። ግራጫ የመስኮት ደፍ አለ፤ ከበስተኋላው ድፍን ጨለማ ነው። ከላይ በክር የተንጠለጠሉ ኩዊንስ የተባለ የፖም ዘመድ ፍሬና ጥቅል ጎመን፣ ከታች የተቆረጠ ሜሎን ከነቁራጩ፣ በመጨረሻም ጫፉ ከደፉ አልፎ ወደ ተመልካቹ የወጣ ኪያር ይታያሉ። ሁሉም እንደ ማጭድ በጎበጠ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይወርዳሉ። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ገብቶ የጎመኑን ጅማት አንድ በአንድ ያሳያል፤ ከምግቡ ወዲያ ግን አንድም ነገር አያበራም።

ኮታን በ1603 ቶሌዶን ትቶ ግራናዳ በሚገኝ የካርቱዚያን ገዳም ገባ። መነኮሳቱ ሥጋ አይበሉም። በዚህም የተነሣ ሥዕሉን የጾምና የምናኔ ተምሳሌት አድርገው የተረጎሙት ጥቂቶች አይደሉም። ትርጓሜው ይማርካል፤ በተለይ ከሰሙ ሥር ወርቅ መፈለግን ከቅኔ ለለመድን ለእኛ።

ይሁን እንጂ ሥዕሉ የተሣለው ሰዓሊው ገና በቶሌዶ ለደንበኞች ሲሠራ ነው። ምግብን በክር ማንጠልጠልም ከብልሽት ለመጠበቅ በጊዜው ጓዳ የተለመደ ዘዴ ነበር። ከሁሉም የሚከብደው ማስረጃ ግን በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ያለው፣ በዚያው ዘመን የተሣለ ሌላ ሥራው ነው። በዚያም መስኮቱ፣ ኩዊንሱ፣ ጎመኑ፣ ሜሎኑና ኪያሩ አሉ፤ ከእነርሱ ጋር ግን የታደኑ አእዋፍ ተንጠልጥለዋል። ጎመኑ የጾም ምልክት ከሆነ አእዋፉን ምን ልንላቸው ነው?

በዚህ ጸሐፊ እምነት ተምሳሌቱ በአትክልቱ ማንነት ላይ የተለጠፈ አይደለም። ለመንፈሳዊ ሥዕል የሚገባው ዓይነት ብርሃንና ጥንቃቄ ለጓዳ ጎመን መሰጠቱ ነው ተመልካቹን የሚያስቆመው። ጨለማው ሌላ የሚታይ ነገር ስለማይተውለት ዓይን ወደ ኪያሩ ይመለሳል፤ ከደፉ በወጣው ጫፍ ሥር ያረፈችው ጥላም ኪያሩ እኛ በቆምንበት በኩል መሆኑን ታሳያለች።